ጓያ ያለበት ሽሮ እግር ይሰብራል? ስለ ጓያና ስለ አንጎል ሴሎች ማወቅ ያለባችሁ



ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ፒያሳ ሽሮ ቤት የምንበላው ሽሮ ጓያ ይደባለቅበታል ይባላል። እውነት እግር ይሰብራል?» አንዷ ደግሞ «እናቴ ከጎንደር የጓያ ሽሮ ላከችልኝ፤ ልጣለው ወይስ ልብላው?» ብላኛለች።

አጭሩ መልስ፦ አልፎ አልፎ የሚበላ ሽሮ፣ ጓያ ቢኖርበትም እግር አይሰብርም። ጓያን ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ መብላት ግን ይሰብራል። አንዴ ከሰበረ ደግሞ እኛ ሐኪሞች መልሰን መጠገን አንችልም። ስለዚህ ረጅሙንም መልስ አንብቡት።

ጓያ ምንድነው?

ጓያ ከአተርና ከሽምብራ ወገን የሆነ ጥራጥሬ ነው። ደምቢያና ፎገራን በመሳሰሉ አካባቢዎች ክረምቱ ሲወጣ በዋልካ አፈር ላይ ይዘራል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይመጣም አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ድርቅ ሌላውን እህል ሲጨርስ ጓያ ይተርፋል። ከ100 ግራሙ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሽሮው ደግሞ ይጣፍጣል። ለዚህ ነው ከተማ ድረስ መጥቶ ከሽምብራና ከአተር ሽሮ ጋር የሚደባለቀው።

ችግሩ ዘሩ ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ከዘሩ ለይተው አወጡት። ተክሉ ውኃ ሲያጥረው የኦዳፑ መጠን ሊጨምር ይችላል። እንግዲህ አስቡት፦ ሰው ከጓያ ሌላ የሚበላው ባጣበት ዓመት፣ ጓያውም ይበልጥ መርዛማ ይሆናል ማለት ነው።

አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክት ነው። ከመልእክተኞቹ ዋነኛው ግሉታሜት ይባላል። ሥራው ተቀባዩን ሴል ማንቀሳቀስ ነው።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ናችሁ እንበል። ረዳቱ በሩን መታ መታ አድርጎ «ሳበው!» ይላል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ይሰጣል። ረዳቱ አንዴ ተናግሮ ዝም ይላል። ግሉታሜትም እንደዚሁ ነው፤ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ወዲያው ከቦታው ይጠረጋል።

ኦዳፕ በቅርጹ ግሉታሜትን ይመስላል። ተቀባዩ ሴል ሁለቱን መለየት አይችልም። ድምፁ ልክ የረዳቱን የሚመስል ሌላ ሰው ከኋላ ተቀምጦ «ሳበው! ሳበው! ሳበው!» እያለ ማቆሚያ ቢያጣ፣ ሾፌሩ ነዳጁን እንደረገጠ ይቀራል፣ ሞተሩ ይግላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ሴሉም እንደዚያ ነው የሚሆነው። ካልሲየም ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሴሉ ኃይል ማመንጫ (ማይቶኮንድሪያ) ይጎዳል፣ ሴሉም ይሞታል። ሴሉን የገደለው እረፍት የለሽ ትዕዛዝ ነው።

ለምን እግር? ከአንጎል ተነስተው እስከ ታችኛው የጀርባ አጥንት ድረስ የሚወርዱት፣ እግርን የሚያዙት ነርቮች ከረጃጅሞቹ ውስጥ ናቸው። በዋናነት የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ የታማሚው እግር ይገታተራል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ሲራመድ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል። ቀለል ያለበት ያለ ዱላ ይሄዳል። የባሰበት በአንድ ዱላ፣ ከዚያ በሁለት ዱላ፣ በጣም የከፋበት ደግሞ እየዳኸ ነው የሚንቀሳቀሰው። አእምሮው ግን ንጹሕ ነው። ማሰብ፣ መማር፣ መሥራት ይችላል።

ይህ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ቫፕኒያርካ በሚባል በሮማኒያ ቁጥጥር ሥር የነበረ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች በየቀኑ ጓያ ይቀርብላቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ብዙዎቹ እግራቸው ተያዘ። አብሯቸው ታስሮ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር መንስኤው ምግቡ እንደሆነ ደረሰበት። ስለዚህ «የአገራችን እርግማን ነው» ለምትሉ፦ አይደለም። ጓያን ብቻ እንዲበላ የተገደደ ሰው የትም አገር ቢሆን ይታመማል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የነርቭ ሳይንቲስቱ ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ምርምር ኦዳፕ የበሽታው መንስኤ ለመሆኑ ማስረጃ አቀረቡ። በእኛ አገር የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ወርደው፣ በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ።

ከዚያ የደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ መጣ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ፣ ወሎ ውስጥ ድርቁን ተከትሎ ከ2000 በላይ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን እዚያ ካሉ ታማሚዎችና ጤነኞች ጋር ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ውጤት ለኛ ኩሽና በጣም ጠቃሚ ነው። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ የበሉ ሰዎች ላይ አደጋው ከፍ ብሎ ታየ። በቦካ እንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ ሲበላ ግን እንደዚያ አልሆነም። ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ፣ ወጡ ውስጥም ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልን የመሳሰሉ ቅመሞች መኖራቸው አደጋውን ከመቀነስ ጋር ተያይዟል።

ይህ እውቀት ለሌሎች የነርቭ በሽታዎችም በር ከፍቷል። ኤ.ኤል.ኤስ በሚባለው ነርቭን ቀስ በቀስ በሚገድል በሽታ ላይም ግሉታሜት ከልክ በላይ መብዛቱ ድርሻ እንዳለው ይታሰባል። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ሪሉዞል የተባለ መድኃኒት የግሉታሜትን ጩኸት ዝቅ ያደርጋል፤ ግን የሚጨምረው ዕድሜ የጥቂት ወራት ነው። የጓያ በሽታ ከኤ.ኤል.ኤስ የሚለየው፣ ጓያው ሲቆም በአብዛኛው እየባሰ አለመሄዱ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ አስቀድሞ መከላከል መቻሉ ነው።

አንድ ታካሚዬ

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት በሁለት ዱላ እየተደገፈ ክሊኒክ መጣ። አራዳ ውስጥ ጫማ እያሳመረ ነው የሚኖረው (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬያለሁ)። ልጅ ሆኖ ገጠር፣ እህል ባጠረበት ዓመት ቤተሰቡ ወራቱን በጓያ ንፍሮና ቆሎ ነበር የገፉት። አንድ ቀን እርሻ ውሎ ሲመለስ ጉልበቱ ከዳው። ያኔ የጀመረው ዱላ ዛሬም አለ።

እኔን የጠየቀኝ ስለ መድኃኒት አልነበረም። «ዶክተር፣ ላገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ወደ ልጆቻችሁ ይተላለፋል አሉ። እውነት ነው?» አለኝ።

አይተላለፍም። በዘር አይወረስም፣ በመንካት አይጋባም። ይህንን በወረቀት ጽፌ፣ ማህተም አድርጌ ሰጠሁት። ከሰጠሁት ማስታገሻ ይልቅ የጠቀመው ያ ወረቀት ይመስለኛል።

ጊዮርጊስ አካባቢ ወይም ፒያሳ ስታልፉ በዱላ የሚሄድ ወጣት ካያችሁ ምክንያቱን በዓይን መለየት አትችሉም፤ ፖሊዮ፣ አደጋ፣ ጓያ ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን ምን «ምን አጥፍቶ ነው?» የሚባልበት ነገር የለም። እሱ ያደረገው ያገኘውን መብላት ብቻ ነው።

ስንት ነው ብዙ የሚባለው?

ጓያ ከዕለት ምግባችሁ ሲሶ ያህሉን ይዞ፣ 2 እና 3 ወር ከቀጠለ አደጋ አለ። ያን ያህል ከበሉትም ቢሆን የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ በአብዛኛው ከባድ ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች፣ በተለይ ወንዶች። አንድ ማዕድ ላይ ከበሉት ወንድማማቾች አንዱ ብቻ ሊያዝ ይችላል። «እኔ በልቼ ምንም አልሆንኩም» ማለት ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው። «እንፋሎቱ ይሰብራል» የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ የሚጎዳው የሚበላው ነው።

እና ምን እናድርግ?

1. ከእናታችሁ የተላከውን ሽሮ አትጣሉት። ከሽምብራ ወይም ከአተር ሽሮ ጋር ደባልቁት፣ ሽንኩርቱንና ቅመሙን አታሳንሱ፣ በየቀኑ ሳይሆን አልፎ አልፎ ብሉት።

2. ክኩን ወይም ፍሬውን ካገኛችሁ በብዙ ውኃ አሳድራችሁ ዘፍዝፉ፤ ውኃውን ድፉት። ስትቀቅሉም የመጀመሪያውን ውኃ ድፉ። ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ መጠኑ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

3. የጓያ ቆሎ፣ ንፍሮና እሸት የዘወትር መክሰስ አይሁን፤ በተለይ ለልጆችና ለወጣቶች።

4. ገጠር ያላችሁ ዘመዶች በጓያ ብቻ እየኖሩ ከሆነ ይህንን ጽሑፍ ከማንበብ ይልቅ ስልክ ደውሉላቸው። «ጓያ አትብሉ» ማለት ሌላ ለሌለው ሰው ምክር አይደለም። «ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከማሽላ ጋር ደባልቁት፣ ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉ» በሏቸው፤ ከቻላችሁ የሚደባለቀውን እህል ላኩላቸው። መርዙ ያነሰ «ዋሴ» የሚባል የተሻሻለ ዝርያ ስላለ ግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

5. ጓያ በብዛት የሚበላ ሰው ባቱን ቁርጠት ከያዘው፣ እግሩ ከከበደው ወይም ጉልበቱ ከከዳው፣ የዚያኑ ቀን ጓያውን ያቁም፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

6. እግር ሁሉ በጓያ አይያዝም። የአከርካሪ ቲቢ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የአከርካሪ ዕጢ ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ፤ በጊዜ ከተደረሰባቸው ደግሞ ይታከማሉ። «ጓያ ነው፣ መድኃኒት የለውም» ብሎ ቤት መቀመጥ ሊድን የሚችል እግር ያስቀራል። ተመርመሩ።

በጓያ ለተጎዳ ሰው የሞቱትን ሴሎች የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። የጡንቻ መገታተርን የሚያላሉ መድኃኒቶች፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ትክክለኛ ዱላ ወይም ዊልቸር ግን ኑሮውን ያቀልሉለታል።

ቤታችሁ ለሚሠሩት፣ ሽሮ ለሚያስፈጩት፣ ገጠር ቤተሰብ ላላቸው ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።