ማሽን ሲቀልድ ሰቆጣ ይስቅ ይሆን?

አጭር ጽሑፍ የታከለባቸው አስቂኝ ሥዕሎች፣ በተለምዶ «ሚም» የሚባሉት፣ ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎትም ይሠራሉ። ተመልካቹ እንዴት ይቀበላቸዋል?

የስዊድንና የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባቀረቡት ጥናት ሰው ብቻውን፣ ማሽን ብቻውን፣ ሁለቱም ተባብረው የሠሯቸው ሚሞች ለዳኞች ቀረቡ። በአማካይ ውጤት ማሽኑ በአስቂኝነትም በፈጠራም በለጠ። ከሁሉ ይበልጥ ያሳቁት ግን ሰው ብቻውን የሠራቸው ነበሩ።

እኛ የፊዚክስ ሰዎች በዚህ አንደነቅም። የውኃ ሙቀት የሞለኪዩሎቹን አማካይ ጉልበት ይነግረናል፤ ተንነው የሚያመልጡት ግን ከአማካዩ የላቁት ጥቂቶች ናቸው። ማሽኑም ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ሊከተል ይችላል ብሎ የሚገምተውን ቃል ስለሚመርጥ፣ ለብዙዎች በመጠኑ ይጥማል።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ተራሮች የሚነገረው ኽምጣንጋ ግን በጽሑፍ የሰፈረው ጥቂት ነው። ስለዚህ የአካባቢው ጨዋታ ከማሽኑ አማካይ ውስጥ አልገባም ማለት ይቻላል። የሰቆጣ ወጣት በማሽኑ ሚም ፈገግ ይል ይሆናል፤ ጥርስ የማያስከድነውን የኽምጣንጋ ቀልድ ግን የሚያውቀው እርሱ ነው። ካልጻፈው፣ የነገው ማሽንም አይማረውም።