የቮልስ ፊውዝ፦ ተረቱና እውነታው

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው በቮልስዋገን ነበር። የዚያች መኪና ዘመዶች ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳና ያዘግማሉ። ሞተራቸውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ አልጠፋም። ፊውዛቸው ላይ ሲደረስ ግን ወሬው ከእውቀቱ ይበዛል።

ዋናው ተረት «ፊውዝ እየተቃጠለ ካስቸገረ ትልቅ አስገባበት» የሚለው ነው። ፊውዝ ግን የሚጠብቀው አምፖሉን ወይም ክላክሱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ለ8 አምፔር በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ የ25 ፊውዝ ከተቀመጠ፣ ኮንታክት የተፈጠረ ቀን ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል። የተቃጠለውን በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ደግሞ ጭራሹን ፊውዝ እንደሌለ ነው። የቮልስ ነዳጅ ታንክ ከፊት፣ ከዳሽቦርዱ ብዙም ሳይርቅ መቀመጡን የሚያውቅ ሰው ይህን አይሞክርም።

«6 ቮልት ደካማ ስለሆነ ትንሽ ፊውዝ ይበቃዋል» የሚሉም አሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች በአብዛኛው 6 ቮልት ናቸው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል ነው፦ 45 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ሲስብ፣ በ6 ቮልት 7.5 ይስባል።

ቀለምም ያሳስታል። በአሮጌው ጀርመን ሠራሽ የሸክላ ፊውዝ ቢጫው 5፣ ነጩ 8፣ ቀዩ 16፣ ሰማያዊው 25 አምፔር ነው። በዘመኑ ባለ ሁለት እግር ጠፍጣፋ ፊውዝ ግን ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 ነው። «ቢጫ ስጠኝ» ብሎ የሚገዛ ሰው 5 ፈልጎ 20 ይዞ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ቁጥሩን ማንበብስ? እሱም ብቻውን አያድንም። ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ የገጠሩን መንገድ ሲያቀኑ የኖሩት አሮጌ ላንድሮቨሮች የእንግሊዝ የመስታወት ፊውዝ ይጠቀማሉ። በእንግሊዞቹ ልማድ 35 የሚለው ፊውዙ የሚቃጠልበት መጠን ነው፤ ዘወትር የሚሸከመው ግን 17.5 ያህል ብቻ ነው። የአሜሪካው 35 ግን 35ቱንም ያለማቋረጥ ይሸከማል። ሁለቱም የመስታወት ቱቦ ናቸው፤ ቁጥራቸውም አንድ ነው፤ ጥበቃቸው ግን በእጥፍ ይራራቃል።

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ኮንታክት አለ ማለትም አይደለም። የሸክላው ፊውዝ ጫፎችና የያዙት የናስ ምላሶች ሲዝጉ ወይም ሲላሉ ቦታው ይግላል፤ ሙቀቱ ብቻውን ፊውዙን ሊያቀልጠው ይችላል። ባትሪውን ፈትቶ ምላሶቹን በስስ ብርጭቆ ወረቀት ማጽዳትና ጠበቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሶማሌ ተራ ወርደው ፊውዝ የሚገዙ ከሆነ የተቃጠለውን ብቻ ለናሙና ይዘው አይሂዱ፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት በስህተት ያስገባው ሊሆን ይችላል። ልኩን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ጽፈው ይሂዱ።