የሚፈራው ሌላ፣ የሚገድለው ሌላ

የካንሰር ስም ሲነሳ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ካማሺም ሆነ በአዲስ አበባ ቀድሞ የሚጠረጠረው መድኃኒት ነው። «ዴፖ ካንሰር ያመጣል»፣ «የግፊት ክኒን ካንሰር አለበት» የሚለው ወሬ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። በጎተራ የሻገተ ለውዝ፣ የዕለት አረቄና ጋያ ግን ማንንም አያስደነግጡም። ጠንካራው ማስረጃ ያለው ደግሞ በእነዚህ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ነገሮችን በምድብ ይለያል። አንደኛ ምድብ ማለት ካንሰር ማምጣቱ ተረጋግጧል ማለት ነው፤ የአደጋውን መጠን አይናገርም። ሲጋራም ሆነ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ እዚያው ምድብ ውስጥ ናቸው፤ የሚያደርሱት ጉዳት ግን አይወዳደርም።

1. ለውዝ፣ በቆሎና ማሽላ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለውዝ በስፋት የሚመረትበት ቆላማ ክልል ነው። በሙቀትና በእርጥበት በደንብ ባልደረቀ ፍሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል፤ መርዙም የጉበት ካንሰር ያመጣል። መቁላትም ሆነ መቀቀል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይባዛል። መከላከያው ምርቱን በደንብ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ማስቀመጥና የሻገተውንና የተጨማደደውን ለቅሞ መጣል ነው። የተለቀመውን ለላም መስጠት መርዙን በወተት መልሶ መጠጣት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ ይህንኑ መርዝ ያገኘ ሲሆን፣ ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር።

2. አረቄና ጋያ። አልኮል የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀትና የጡት ካንሰርን ያመጣል። ቤት ተጠመቀ፣ ከፋብሪካ ወጣ፣ አልኮሉ ያው ነው። በጋያ የሚጨሰው የትምባሆ ጭስ በውኃ ውስጥ ማለፉም መርዙን አያጣራውም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ዝግ በሆኑ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስንም ከልክሏል።

3. የሚያቃጥል ምግብና መጠጥ። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ሳይበርድ የሚበላ ገንፎ ነው። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ትኩስ የሆነ መጠጥን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ አስገብቷል። በዚያው ዓመት ቡናን ራሱን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ስለዚህ ጥያቄው የሙቀቱ ነው፤ ስኒው ጥቂት ደቂቃ ይቆይ።

4. መድኃኒቶች። ዴፖ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ በመውሰድ ላይ ባሉ ሴቶች የጡት ካንሰር ስጋት በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ መርፌው ሲቆም ስጋቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንጻሩ ዴፖ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰርን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱት ላይ ሜኒንጂዮማ የተባለ የአንጎል ሽፋን እጢ ከአምስት እጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። እጢው ግን በተፈጥሮው ብርቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ካንሰር አይደለም። በወሬ ደንግጣ መርፌውን ያቋረጠች ሴት፣ ወላድ ሆስፒታል ለመድረስ ሩቅ መንገድ በምትጓዝበት አገር ላልታቀደ እርግዝና ትጋለጣለች። ይህን አደጋ ወሬውን የሚያሰራጨው ሰው አይሸከምላትም።

የግፊት መድኃኒቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከቆዳ ካንሰር ጋር ተያይዟል። ማስረጃው በብዛት የመጣው ቆዳቸው ነጣ ካሉ ሕዝቦች ነው። ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደ ሰው ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል። ሌላው ክኒኑን በራሱ ፈቃድ ቢያቆም ግን የሚጠብቀው በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ለጨጓራ ይሰጥ የነበረው ራኒቲዲን ደግሞ ኤን ዲ ኤም ኤ የተባለ ካንሰር አምጪ ቅመም እየፈጠረ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ቦታውን የያዘው ኦሜፕራዞል ነው።

ሊወራበት የሚገባው ይህ መድኃኒት ነው፤ የሚወራው ግን ስለ ሌላው ነው። ኦሜፕራዞል ለቁስለት የሚታዘዘው በተለምዶ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። በተግባር ግን ያለ ማዘዣ በስትሪፕ እየተገዛ ለዓመታት ይዋጣል። ኤች ፓይሎሪ ለተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የታከሙ ሰዎችን የተከታተለ አንድ የሆንግ ኮንግ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ በወሰዱት ላይ የጨጓራ ካንሰር ከእጥፍ በላይ ሆኖ ማግኘቱን ገልጿል። ምክንያቱ መድኃኒቱ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

የተረጋገጠው አደጋ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ካንሰሩን ይሸፍነዋል። አሲዱ ሲቀንስ ካንሰር ያለበት ቁስል እንኳ ለጊዜው ሊሽር፣ ሕመሙም ሊጠፋ ይችላል። ታማሚው «ተሻለኝ» ሲል ወራት ያልፋሉ። መዋጥ የሚያስቸግረው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ደም ያስመለሰው፣ ሰገራው የጠቆረ፣ ደም ማነስ የተገኘበት ሰው ሌላ ስትሪፕ ኦሜፕራዞል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ኢንዶስኮፒ ነው። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህም ነው ሪፈሩ ገና ምልክቱ እንደታየ መጻፍ ያለበት።

የኤች ፓይሎሪ ምርመራውም ራሱን የቻለ በሽታ ሆኗል። ባክቴሪያው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አንደኛ ምድብ ውስጥ ያለ የጨጓራ ካንሰር አምጪ ነው፤ ስለዚህ ተገቢው ሕክምና ካንሰርን መከላከል ነው። ሆኖም በየክሊኒኩ የሚሠራው የደም አንቲቦዲ ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «ፖዘቲቭ» ይላል። የዳነ ሰው እንደገና አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ይገዛል፣ ባክቴሪያው መድኃኒት ይላመዳል። የሰገራው ምርመራ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ኦሜፕራዞል ከሁለት ሳምንት በፊት ካልተቋረጠ በሐሰት «ነጌቲቭ» ሊል ይችላል። ይህን ለታማሚው መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥጥር የሚባለው ግን የመድኃኒት ቤቱ ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን አይቶ ይመለሳል፤ ማዘዣ መጠየቁን፣ ምክር መሰጠቱን የሚያይ የለም። ፋርማሲስት አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚማረው ስትሪፕ በመቀስ ለመቁረጥ አይደለም።

የማሕፀን በር ካንሰርም የወሬው ሰለባ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ መነሻው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ክትባቱ በአገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል። «መካን ያደርጋል» የሚባለው ሐሰት ነው። ለአዋቂ ሴቶች የማሕፀን በርን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን በማየት የሚደረገው ምርመራ ቅድመ ካንሰር ለውጥን ያሳያል፤ ለውጡም ካንሰር ሳይሆን ሊወገድ ይችላል። ምርመራው ያለፋት ሴት ግን የጨረር ሕክምና ፍለጋ ጥቁር አንበሳን ወደ መሰሉ ጥቂት ሆስፒታሎች ትሰደዳለች፣ ወረፋም ይጠብቃታል።