የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫና የነጋዴው ቀን መቁጠሪያ

በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨርቃ ጨርቅና የተሰፋ ልብስ ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ፋብሪካዎች የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በወሰኑት መሠረት ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ. ም. ጀምሮ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ ዕድል ተሰረዘች። ስለዚህ የዚያ አገር ምርጫ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የሚመጣው ምርጫ የሚከናወነው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። በ2020 ዓ. ም. ፓርቲዎቹ በየክፍለ ግዛቱ በሚደረግ ውድድር፣ በኋላም በጉባኤ ዕጩዎቻቸውን ይለያሉ። ሕዝቡ ጥቅምት 28 ቀን 2021 ዓ. ም. ድምፅ ይሰጣል። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱን በሕግ የሚመርጡት 538 ወኪሎች ናቸው፤ ቢያንስ 270 ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ወኪሎቹ ታኅሣሥ 10 ቀን ድምፅ ይሰጣሉ፤ ኮንግሬስ በገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ይቈጥረዋል፤ ተመራጩም በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥልጣን ይረከባሉ።

እንግዲህ አሸናፊው ከታወቁ በኋላም እስከ ጥር 12 ቀን ድረስ የሚፈርሙት ነባሩ ፕሬዚዳንት ናቸው። የምርጫውን ወሬ ሰምቶ ውል ለማፍረስ ወይም ዕቃ ለማከማቸት የሚቸኩል ነጋዴ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።