ዘግይቶ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ፀሐይ ያጣ አይደለም

ልጅ በዓመት ተመንፈቁ ካልሄደ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ፀሐይ ስላላሞቃችሁት ነው፣ ካልሲየም ግዙለት» ሲል ሌላው «ሁሉም በጊዜው ይሄዳል፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ይላል። ምክሮቹ መሠረት የላቸውም ማለት አይቻልም። በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ጨቅላውን በመስኮት ሥር ማሞቅም ብዙ አይረዳም፣ ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበትን ጨረር መስታወት ያስቀረዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናትም ጤነኛ ሕፃናት ብቻቸውን መሄድ የሚጀምሩት ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ መሆኑን ያሳያል። ከነጭራሹ ሳይድሁ የሚሄዱም አሉ። ችግሩ ሁለቱም ምክር ልጁ ሳይታይ መሰጠቱ ነው።

ዘግይቶ መሄድ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ምንጩን የሚለየውም ልጁ መቼ ሄደ ከሚለው ይልቅ እንዴት ይንቀሳቀሳል የሚለው ነው። የእጅ አንጓው ሰፋ ያለ፣ እግሩ የጎበጠ ከሆነ ሪኬትስ ይጠረጠራል፤ የአንጓ ራጅና የደም ምርመራ ያረጋግጡታል። ሲያነሡት እግሮቹ እንደ መቀስ የሚጠላለፉ፣ ጡጫውን የማይፈታ ልጅ ግን መነሻው አንጎል ሊሆን ይችላል፤ ሲወለድ ታፍኖ ነበር ወይ? ቢጫነቱስ በርትቶበት ነበር? ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝ ልጅም «ግራኝ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ዓይኑ ንቁ ሆኖ ሰውነቱ የሚልፈሰፈስ፣ ምላሱ የሚርገበገብ ከሆነ ነርቭ ይታያል። ድምፁ የጎረነነ፣ ሆድ ድርቀት የማይለቀው ልጅ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገዋል። የተማረውን የሚረሳ ልጅ ደግሞ ለነገ አይባልም።

«ሐኪም ቤት ብንሄድ ኤምአርአይ ነው የሚያዙብን» የሚል ስጋት አለ። አብዛኛው ሥራ ግን መጠየቅ፣ መዳሰስና ልጁን መሬት ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ዕድሜው መወለድ ከነበረበት ቀን ይሰላል፤ ይህ ብቻውን ጭንቀቱን የሚያስቀርበት ጊዜ አለ። «ምክንያቱ ቢታወቅስ መድኃኒት አለው?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ሪኬትስ ይድናል። የታይሮይድ እጥረት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት አንጎልን ከጉዳት ማትረፍ ይቻላል፣ ወራት ካለፉ ግን የጎደለው ሁሉ አይመለስም። የአንጎል ጉዳት አይሽርም፤ ሆኖም ፊዚዮቴራፒ ጡንቻው እንዳይኮማተር ይረዳል፣ የመጨረሻው ውጤት እስኪመጣም መጠበቅ አያስፈልገውም።