የሌሊቱ ክስ፦ ተረቱና እውነታው

ከሰዓት በኋላ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንዲት ሠራተኛ በዕድሜ አባቷ የሚሆኑትን የመምሪያ ኃላፊ «አንተ እንዳልከው» አለቻቸው። አፏን አዳልጧት ነው። ወዲያው «እርስዎ» ብላ አረመችው፤ ስብሰባው ቀጠለ፣ ሻይ ቀረበ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። አመሻሹን ትዝ ያላላት ነገር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ምን ይሉኝ ይሆን? አጠገባቸው የተቀመጠችውስ ለምን ፈገግ አለች? ባለፈው ወር የላክሁት ሪፖርት ላይም እኮ ስሕተት ነበረ። ከአንዲት «አንተ» ተነሥታ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «እኔ ድሮም ለዚህ ሥራ አልሆንም» ላይ ደረሰች።

እንዲህ ያለ ሌሊት ያላሳለፈ ሰው ጥቂት ነው። ስለ እሱ የምንለግሰው ምክር ግን ብዙ ነው፤ ከምክሩም የማይናቀው ክፍል እንቅልፉን ጭራሽ ያርቀዋል።

«ከጭንቅላትህ አውጣውና ተኛ!»

ከሁሉም የተለመደው ምክር ይህ ነው፤ ከሁሉም የማይረባውም ይኸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዟቸው፤ ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ደወል እንዲመቱም ነገሯቸው። ደወሉ ዝም አላለም። የበለጠ የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። «አሁን እንደ ልባችሁ አስቡት» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡት ከተነገራቸው ይልቅ እነዚህ አብዝተው አሰቡት። አንድን ሐሳብ ላለማሰብ መጥቶ እንደሆነ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል፤ ያ ማየት ራሱ ሐሳቡን ይጠራዋል።

እንቅልፍም በትእዛዝ አይመጣም። ዌግነር ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት፣ የማርሽ ሙዚቃ እየተሰማቸው «በተቻላችሁ ፍጥነት ተኙ» የተባሉ ሰዎች «በፈለጋችሁ ጊዜ ተኙ» ከተባሉት ይልቅ ተቸግረዋል። ጫጫታ በሞላበት ጭንቅላት ላይ «ቶሎ ተኛ» የሚል ቁጣ ሲጨመርበት የሚሆነው ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ዳኛው መዝገቡን ለሌላ ቀን ከቀጠሩት በኋላ የዚያን ዕለት ክርክር የለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት ዘዴ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ለ30 ደቂቃ ያህል ሆን ብሎ መጨነቅ፣ ከዚያ ውጪ የመጣውን ጭንቀት ደግሞ «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል» ብሎ ማሳለፍ ነው። ቦታው አልጋ እንዳይሆን፣ ሰዓቱም ለመኝታ እንዳይጠጋ። ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን እዚህ ላይ ሐሳቡ አልተከለከለም፣ ተራው ብቻ ነው የተወሰነለት፤ ስለዚህ የነጭ ድቡ ዓይነት ትግል የለበትም። ደግሞም በቀጠሮው ሰዓት ሲቀመጡ አብዛኛው ከሳሽ አይቀርብም።

ሐሳብን በሐሳብ መተካትም ይቻላል፤ ብቻ «ሌላ ነገር አስብ» የሚለው ልቅ ምክር አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2002 ኦክስፎርድ ላይ አሊሰን ሃርቪና ሱዛና ፔይን እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎችን ለያይተው ሲያዩ፣ ደስ የሚልና የሚያሳርፍ ትዕይንት በዝርዝር በዐይነ ኅሊናቸው እንዲስሉ የተነገራቸው ቶሎ ተኝተዋል። ዝርዝሩ ነው ቁም ነገሩ። ከአያት ቤት ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ምንጩ ድረስ ያለውን መንገድ፣ አጥሩን፣ የባሕር ዛፉን ሽታ፣ ድንጋዩ የሚያሟልጭበትን ቦታ ሳይቀር መሄድ። ጭንቅላቱ በቂ ሥራ ሲያገኝ ለክሱ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል።

«ካልተጨነቅሁበት ነገም እደግመዋለሁ»

ይህኛው እምነት ጨዋ ስለሚመስል ለመንቀል ያስቸግራል። ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ጥናት፣ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች ከደኅና ተኚዎች ይልቅ «አልጋ ላይ መጨነቅ ይጠቅማል» ብለው እንደሚያምኑ አሳይታለች። የሚጠቅም ማሰብ ግን መጨረሻ አለው። «ነገ ይህን አደርጋለሁ» ላይ ደርሶ ይቆማል። «ለምን እንዲህ ሆንሁ?» የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይፈልግም፤ ሲዞር ያድራል።

ለሚያልቀው ዓይነት ማሰብ ብዕር ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቴክሳስ በሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ 57 ጤነኛ ወጣቶችን ከመኝታ በፊት ለአምስት ደቂቃ አስጻፏቸው። ግማሾቹ በሚቀጥሉት ቀናት ሊሠሩት የሚገባውን፣ ግማሾቹ ደግሞ ሠርተው የጨረሱትን ጻፉ። የወደፊቱን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝራቸው ግልጽ የሆነላቸው ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። በእርግጥ የአንድ ሌሊት ሙከራ ነው፣ የተሞከረውም ጤነኞች ላይ ነው። ቢሆንም ዋጋው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ለሰው የማይተነፍስ ሰው እንኳ ለወረቀት ቢነግር ወሬ አይወጣበትም። ለዚያች ሠራተኛ የምትበቃት አንድ መስመር ናት፦ «ጠዋት ኃላፊውን ሳገኛቸው በሁለት ቃል ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጠዋት ያልሁት በምክንያት ነው። ሌሊት ስልክ ከፍቶ በቴሌግራም ይቅርታ መጻፍ፣ መሰረዝ፣ እንደገና መጻፍ፣ በመጨረሻ ስምንት ሰዓት ላይ መላክ፣ ከዚያም «አዩት ይሆን?» እያሉ ምልክቱን ሲጠብቁ ማንጋት የዘመናችን አዲስ ልማድ ሆኗል። ተቀባዩ ሲነጋ ልብ ስላላሉት ነገር አራት አንቀጽ ይቅርታ ያገኛሉ። ያን ጊዜ በእርግጥም ልብ ይሉታል።

ይህን ስል ጭንቀት ሁሉ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ነርስ ማታ የሰጠችው የመድኃኒት መጠን ካጠራጠራት ተነሥታ ለተረኛው ትደውል፤ ያ ጭንቀት ሳይሆን ሥራ ነው። በዚያች ሰዓት ሊታረም የሚችል ነገር በዚያችው ሰዓት ይታረማል። ቀጠሮ የሚሰጠው እስኪነጋ ምንም ሊደረግለት ለማይችለው ነው።

«ሁሉም አይቶብኛል»

ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን ወጣቱ የሚያፍርበት የዘፋኙ የባሪ ማኒሎው ምስል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። የለበሱት «ግማሽ ያህሉ ያስተውለዋል» ብለው ገመቱ፤ ያስተዋለው ሩብ ገደማ ብቻ ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በዚያ ስብሰባ ላይም «አንተ» የምትለዋን ያልሰማ ሰው ይኖራል፤ የሰማውም የየራሱን ስሕተት ይዞ ነው ቤቱ የገባው። ሌሊት ይህ አይታየንም፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ስሜቱን የሚገታበት ጉልበት ያንሰዋልና።

«ዐይን ጨፍኖ መጋደምም ዕረፍት ነው»

አንድ ቀን ሲሆን ምንም አይደለም። በየሌሊቱ ሲደጋገም ግን ሰውነት አልጋን የመጨነቂያ ቦታ አድርጎ ይማረዋል፤ ሶፋ ላይ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰው አልጋው ላይ ሲወጣ ዐይኑ የሚፈጠው ለዚህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያስተማረው መፍትሔ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እንቅልፍ ሳይወስድዎት 20 ደቂቃ ያህል እንደሆነ ሲሰማዎት ይነሡ፣ በደብዛዛ ብርሃን የማያነቃቃ ነገር ይሥሩ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። ደቂቃውን ግን በስልክ አይቁጠሩ፤ ሰዓት ማየት ራሱ ያስጨንቃል።

መጻሕፍቱ «ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ» ይላሉ። ከነቤተሰቡ በአንድ ክፍል ለሚያድር ሰው ይህ ምክር ሳይሆን ፌዝ ነው። ከአልጋው ወርዶ በርጩማ ላይ መቀመጥም ይበቃል።

«ቡና አይነካኝም፤ አንድ ሁለት ብል ደግሞ ይረሳኛል»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረካውን ጠጥቶ አምስት ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው ከካፌይኑ ግማሽ የሚጠጋው ገና ሰውነቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከእንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ጠጅና አረቄ ቶሎ ያስተኛሉ፤ ሁለተኛውን የሌሊት ክፍል ግን ይቆራርጡታል። ክሱ የሚነበበው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

«ለዚህማ አማኑኤል አይኬድም»

አማኑኤል ሆስፒታል «ላበደ ሰው ብቻ» የሚመስለው ብዙ ነው። በተመላላሽ የሚታከሙ፣ ሥራቸውን እየሠሩ የሚታዩ ሰዎች አሉበት፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚሰጡ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሦስት ወር ከዘለቀ ሐኪም ማየት ይገባል። ከዚያ ጋር ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ ራስን መውቀሱ ቀንም ካልተወ፣ የድብርት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሦስት ወር አይጠበቅም፤ መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ዕለት መሄድ ነው።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳያዜፓም ፈልጎ መዋጥ ልማድ ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ቅድሚያ እንዲሰጠው የመከረው ሲቢቲ-አይ የተባለውን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ከማቆም፣ የሁለት ሳምንቱን የመኝታና የመንቂያ ሰዓት፣ ቡናውንና መጠጡን በደብተር ጽፎ መያዝ ለሐኪሙም ለታካሚውም ሥራ ያቀላል። ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ልብ ትንፋሽ መቋረጥ ካለ ደግሞ አብሮ የሚተኛው ሰው ይጠየቅ፤ የትንፋሹ መቋረጥ ሌላ ሕመም ነው፣ ሕክምናውም ሌላ።