ወርቅ የለበሰ ጋሻ እንዴት ይጠበቃል?

ከይፋት ቆላ በላይ፣ አንኮበር ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) በነገሡበት ዘመን በብር ያጌጠ ጋሻ የሹመትና የጀግንነት ምልክት ነበር። ዛሬ ይህን መሰሉን ጋሻ ለትውልድ ማቆየት ከመሥራቱ ያልተናነሰ ሙያ ይጠይቃል።

ጋሻው የሚሠራው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ነው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ክብ ሆኖ ይቆረጥና መሐሉ ጎበጥ እንዳለ ይደርቃል። የመኳንንቱ ጋሻ ከፋይ ይለብስና ብር ወይም በወርቅ የተለበጠ ብር ይመታበታል። የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶችን ግድግዳ ያስጌጠው ባለወርቅ ቆዳ አሠራሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ስስ የብር ቅጠል ቆዳው ላይ ይለጠፍና ቢጫ ቫርኒሽ ሲቀባ ወርቅ ይመስላል።

የጥበቃው ችግር የቆዳና የብረት ፍላጎት አለመግጠሙ ነው። ቆዳ በጣም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ሲበዛበት ይሻግታል። ብረት ግን እርጥበትን አይወድም። ናስ ወይም መዳብ ቅባት ያለው ቆዳ ሲነካ አረንጓዴ ሰም መሰል ዝቃጭ ይፈጥራል። ይፋትን በመሰለ ቆላ ደግሞ የበጋው ድርቀትና የክረምቱ እርጥበት ሲፈራረቁ ቆዳው ይኮማተራል፣ ያብጣል፤ ምስማሩም ይላላል።

ስለዚህ ባለሙያ አንጻራዊ እርጥበቱን ከመቶ 50 አካባቢ ያጸናል፣ ብርሃኑን ያደበዝዛል፣ ጉብታው እንዳይረግብ ከሥሩ ድጋፍ ያስገባል። ነቀዝ ከገባበትም በመርዝ ፈንታ በብርቱ ቅዝቃዜ ይገድለዋል። ቅቤ መቀባት አቧራ ይሰበስባል፤ በሎሚ ወይም በአመድ መወልወል ስሱን የወርቅ ልባጥ ይልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው እ.ኤ.አ. በ2021 ከተመለሱት ቅርሶች መካከል አንድ የንጉሥ ጋሻ ይገኝበታል። የተመለሰው እንዲቆይ፣ በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ያለውም እንዳይጠፋ፣ እጃችንን ቀድመን እንሰብስብ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። በሸዋ ሮቢትም ሆነ በሌላው ይፋት የአያት ጋሻ ያላችሁ፣ ከመወልወላችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አማክሩ።